ጨው የቀመሰ ፌስታል

መሐል ሜዳ መናኸሪያ ወርዳችሁ «ባዮሎጂ ያስተማረችው ሴት ቤቷ የት ነው?» ብትሉ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይሰብቃል። «የፌስታሏ ቲቸር» ካላችሁ ግን የሚኒባሱ ረዳት ራሱ ደጄ ድረስ ያደርሳችኋል። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ሕዋስና ስለ ደም ዝውውር ስለፈልፍ ኖሬ የተረፈኝ ስም ይኸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን እናደድ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ስሙን ስሰማ ደስ ይለኛል። ደግሞም ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ስም ይሻላል፤ አንዱን የሒሳብ አስተማሪ እስከ ዛሬ «ኩርኩም» ነው የሚሏቸው።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተቀየረ ሰሞን ሞላሌ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሞላሌ ስደርስ እስከዚያ ቀን የማውቀው የብርዱን ታናሽ ወንድም እንደሆነ ገባኝ። ደመወዝ ሲመጣ እንደሰታለን፣ ሲዘገይ ባለሱቁ ያውቀናል፤ ስለ እሱ ይሄ ይበቃል።

ሞላሌ ጋሽ ክፍሌን ሰጠኝ። ጋሽ ክፍሌ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የካፖርታቸው ኪስ ዘወትር ያበጠ። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ሲመጡ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እዚያ ይከታሉ፤ የአይጥ ራስ ቅል፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የደረቀ አሜከላ። ክፍል ሲገቡ ሰላምታም ሳይሰጡ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና «ይሄ ከየት መጣ?» ይላሉ። ልጆቹ ይንጫጫሉ። እሳቸው ሁሉንም ሰምተው «ወዴትስ ይሄዳል?» ይላሉ። ቾክ የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ጥፍራቸው ሰሌዳውን እስኪፍቅ ድረስ ነው የሚጽፉበት፣ ጥርሳችንን እያጠረሱብን።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲሳሳት «ተሳስተሃል» አይሉም፤ ባርኔጣቸውን ያነሱና «እስቲ ቦታው ድረስ አድርሰኝ» ይላሉ። እኔም ደርሶኛል። አንድ ጊዜ «ውርጭ የመታው ተክል ሁሉ ይሞታል» ብዬ ሳስተምር በመስኮት ሰሙኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ፈረስ ላይ አስቀምጠው ጓሳ ተራራ ይዘውኝ ወጡ። ፈረስ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ግማሹን መንገድ የተጓዝኩት አንገቱን አቅፌ ነው። ጓሳ ላይ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ውርጭ ለብሶ፣ ቅጠሉን እንደ ጥቅል ጎመን ከድኖ ቆሟል። ጋሽ ክፍሌ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጠበቁኝ። ቅጠሉን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ውስጡ ለምለም ቡቃያ አለ። ያን ጊዜ «ብርድ ነው፣ እንሂድ» አሉ። ወቀሳቸው ያ ብቻ ነበር።

ስንመለስ የጓሳው ሳር ሳይታጨድ እንደ ባሕር ተኝቶ አይቼ «ይሄን ሁሉ ሳር ማን ይጠብቀዋል?» አልኳቸው።

«አባቶች ተባብለው ዘግተውታል። ጊዜው እስኪደርስ ማጭድ አይነካውም።»

«ቢነካውስ?»

«ሰፈር የሚያውቀው ሌባ መሆን ቀላል ይመስልሻል?» አሉኝ።

ፌስታል ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። አከራዬ አንድ ቢጫ ፌስታል ነበራት፤ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፣ ነጠላዋን ትይዝበታለች፣ ዝናብ ሲመጣ ራሷ ላይ ትደፋዋለች። አንድ ቀን ነፋስ ወስዶባት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አባረረላት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔ ወደ መሐል ሜዳ በተዛወርኩ ጊዜ ፌስታል የሚያባርር ሰው ቀርቶ ነበር፤ እያንዳንዱ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይርገበገባል።

መሐል ሜዳ ትንሽ እንደቆየሁ ፕላዝማ መጣ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያስተምራል፤ የኔ ሥራ መክፈትና መዝጋት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ እኔም በልቤ አብሬያቸው አጨበጭባለሁ። እጄ ሥራ ስለፈታ የአካባቢ ጥበቃ ክበብን ያዝኩ።

ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ ችግር ሲያዩ ዘመቻ ያውጃሉ። የችግኝ ዘመቻ፣ የጸጥታ ዘመቻ፣ አንዴማ የጸጉር ዘመቻ አውጀው ግማሹ ተማሪ ተላጭቶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። በሹክሹክታ «አቶ ዘመቻ» እንላቸዋለን። ግምገማ በመጣ ቁጥር የኔ ጠንካራ ጎን «በዘመቻ ትሳተፋለች»፣ ደካማ ጎኔ «ጥያቄ ታበዛለች» ይባል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ ዓመት ታዲያ ከዞን መልእክት መጣ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሠሩትን ጥናት ይዞ በሚቀጥለው ዓመት ደብረ ብርሃን ዐውደ ርዕይ ላይ እንዲቀርብ። ክበቡን ሰብስቤ «በምን ላይ እንሥራ?» አልኩ። አንዱ የኦዞን ሽንቁር አለ፣ ሌላው የአማዞን ደን። ከኋላ እታፈራሁ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነሣች። ከከተማው በታች ካለችው መንደር በየቀኑ ዳገቱን ወጥታ የምትመጣ፣ ቃል የማታበዛ፣ ስትናገር ግን ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ናት። ቡጢ የሚያህል የጠጠረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ምንድነው?»

«ከበጋችን ሆድ የወጣ ነው ቲቸር። ተነፍታ ሞተችብን። አባቴ ሲከፍታት ይሄ አለ።»

ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። በእንጨት ስንፈለቅቀው ፌስታል ነው፤ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ገመድ ያከለ ፌስታል። ሳላስበው የጋሽ ክፍሌ ቃል ከአፌ ወጣ፤ «ይሄ ከየት መጣ?» የጥናታችን ርዕስ በዚህ ተገኘ።

ከገበያው ጀርባ ሸለቆ አለ። ከተማው ማለዳ ማለዳ የጠረገውን እዚያ ነው የሚደፋው፤ መድፋቱ ክልክል ስለሆነ ሁሉም ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚደፋው። ልጆቹን አሰማርቼ እንዲጠይቁ አደረግሁ። ሆቴሎቹ «ባለሱቆቹ ናቸው» አሉ። ባለሱቆቹ «ሥጋ ቤቶቹ ናቸው» አሉ። ባለሥጋ ቤቱ ቢላውን እየሳለ «እናንተው ተማሪዎቹ ናችሁ፣ ብስኩት የምትበሉት» አላቸው። ልጆቹ እየሳቁ መጡ። መልሱን በሰው አፍ ስላጣነው ከቆሻሻው ልንሰማው ወሰንን፤ ከሸለቆው ፌስታል እየለቀሙ በቀለሙና በሽታው መለየት ጀመሩ።

ክምሩን አቶ ዘመቻ አዩት። ዓይናቸው በራ።

«ይሄ ዘመቻ ይፈልጋል!»

«ጥናቱ ገና አላለቀም» አልኳቸው።

«ጥናት ቆሻሻ ያነሣል እንዴ?»

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጣ። ከበሮ ተመታ፣ ፎቶ ተነሣን። ያን ሁሉ ፌስታል ለቅመን ሸለቆው አፋፍ ላይ ለጋሪ የሚመች ቦታ መርጠን ቆፍረን ቀበርነው። አቶ ዘመቻ ጉድጓዱ ላይ ቆመው «ፌስታልን ዛሬ ቀበርነው!» አሉ፤ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ክረምት ሲመጣ ውሃው በየት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም። «ወዴትስ ይሄዳል?» የሚለውን ግማሽ ትምህርቴን ሞላሌ ትቼው መጥቼ ነበር።

ሐምሌ ላይ አፋፉ ተናደ። ጎርፉ የቀበርነውን ሁሉ አንሥቶ እነእታፈራሁ መንደር ሜዳ ላይ ዘራው። ከላይ ሆኜ ሳየው ሜዳው ልብስ የተሰጣበት ይመስል ነበር። ወርደን የቻልነውን ያህል ለቀምን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

መስከረም ላይ የተማሪ ምዝገባ እየተካሄደ አንድ ጋቢያቸውን ያጣፉ አዛውንት ጆንያ ተሸክመው ቢሮ ገቡ። የእታፈራሁ አባት አያ ወንድይፍራው ናቸው። ልጅቱ ከኋላቸው ቆማለች። ጆንያውን አቶ ዘመቻ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። በጨጓራ የታሹ የፌስታል ድቡልቡሎች ወረቀቱ ላይ ተንከባለሉ።

«ቀበርነው ብላችሁ አልነበር? ይኸው ተነሥቷል! እናት በጎቼን ፈጃችሁብኝ። የዛሬ ዓመት የሚወልደውን ነው የገደላችሁት። ልጄም ይበቃታል። ትምህርታችሁ ይሄ ከሆነ እቤቷ ትቀመጥ።»

አቶ ዘመቻ ድቡልቡሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ወረዳ ስብሰባ አለብኝ፤ ቲቸር ታነጋግርዎታለች» ብለው ወጡ። እንደዚያ ሲፈጥኑ ከዚያ ወዲህም አላየኋቸውም።

እታፈራሁ አሥረኛ ክፍል ገብታ አገር አቀፍ ፈተና የምትወስድበት ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ዓመት እቤት የተቀመጠች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የምትገኘው ሙሽራ ሆና ነው። አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ሳትሰብር አየችኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እንባዬን ጠርጌ «አያ ወንድይፍራው፣ ይሄን ለኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«ውሰጂው፤ ወጥ ሥሪበት» ብለውኝ ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

ከክበቡ ልጆች ጋር አንዷን ድቡልቡል እንዳለች አስቀርተን ሌላውን በሳፋ ዘፍዝፈን፣ አጥበን፣ ፈትተን ቤተ ሙከራው ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣነው። አከራዬ ትዝ አለችኝ። ከሸለቆው የለቀምነው ፌስታል ሰፋፊ ነው፤ ጥቁርና ቢጫ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት፣ ጋዝ ጋዝ የሚል። ከበጎቹ ሆድ የወጣው ውስጥም ከዚያ ጥቂት አለ። አብዛኛው ግን ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ስስ፣ አፉ እንደታሰረ ያለ፣ አንድ ጥጉ በጥርስ የተቦጨቀ። ከልጆቹ አንዷ እናቷ ገበያ ላይ ትነግዳለች። አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን አደረገችውና «ቲቸር፣ ይሄኮ የጨው ነው» አለች።

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ለምነን በጋቸውን አስመጣን። ሦስት ፌስታል አዘጋጀን። በጓ የሽንኩርቱን አሽታ ዞረች። የጋዙ አስነጠሳት። የጨውን ገና ሳላስቀምጠው ከእጄ ነጥቃ ማላመጥ ጀመረች። ዘበኛው «ወይኔ በጌ!» ብለው ዘለሉ። እሳቸው አንገቷን፣ እኔ የፌስታሉን ጫፍ ይዘን ስንጓተት አቶ ዘመቻ ከእንግዳ ጋር ብቅ አሉ። «የጥናት ዘመቻ ነው» አልኳቸው፣ እያለከለክሁ።

በግና ጨው ያላቸውን ፍቅር መንዝ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እነእታፈራሁ መንደር ሜዳ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በግ ጨው የሚልሰው እዚያ ላይ ነው። ገበሬው ከገበያ ጨው ገዝቶ ይመጣል፣ ድንጋዩ ላይ ይነሰንሳል። ፌስታሉንስ የት ያደርገዋል? ልጆቹም እኔም እኩል ገባን።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሮጬ ሄጄ «በጎችዎን የገደሉት እርስዎ ነዎት!» ልላቸው ተነሣሁ። ቁልቁለቱን አጋምሼ ነው የቆምኩት። በደጃቸው፣ በሚስታቸው ፊት እንዲህ ብላቸው ሰውየው ምን ይመልሳሉ? ያባርሩኛል፤ ልጅቱም በዚያው ትቀራለች። ጅብራው ትዝ አለኝ። ተመልሼ ወጣሁ።

በገበያው ማግስት ወርጄ ከጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። አያ ወንድይፍራው የቀሩትን በጎች እየነዱ መጡ።

«አሁንም መጣሽ?»

«በጎችዎን ልይ ብዬ ነው።»

«እይ። ብቻ ዓይንሽ እንዳይበላብኝ።»

ከጋቢያቸው ሥር በነጭ ፌስታል የታሰረ ጨው አወጡ። ጥጉን በጥርሳቸው ቦጨቁ፣ እንትፍ አሉ፣ ጨዉን ድንጋዩ ላይ ነሰነሱ። «ከተሜ ለራሱ ንጹሕ ነው። ቆሻሻውን ግን ወደ ድሃ ሜዳ! ነውር አያውቅም!» እያሉ ባዶውን ፌስታል ወደ ኋላቸው ወረወሩት። ከንፈሬን ነከስኩ። ነፋሱ ፌስታሉን አንሥቶ አንከባለለው። ድንጋዩ ላይ ቦታ ያጣች አንዲት በግ ተከተለችው።

አያ ወንድይፍራው ዞር ሲሉ አፏ ውስጥ ነው።

«ተይ! ተይ አንቺ!» ጋቢያቸው እየተጎተተ ሮጡ፤ መንጋጋዋን ፈልቅቀው አወጡት። ከዚያ እዚያው ቆመው ቀሩ። በምራቅ የራሰውን ፌስታል አዩት። ድንጋዩን አዩ። ከድንጋዩ ሥር፣ ከሳሩ መሐል፣ የአምና የካቻምናው ነጭ ነጩ ብቅ ብቅ ብሏል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ነፋስ ነው» አሉ። ወዲያው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና «ለካ በእጄ አጉርሼ ነው የገደልኳቸው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። የሚወዷቸው በጎች ነበሩ፤ አንጀቴን በሉት።

«የኛም አለበት አያ። ከሆዳቸው የኛን ጥቁር ፌስታል አግኝተናል። ጉድጓዱን ውሃ መንገድ ላይ ነው የቆፈርነው።»

«እንግዲያው ተካፍለን ነዋ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አባቴ ጨው የሚይዘው በቀልቀሎ ነበር። ቀልቀሎ ቆዳ ነው፤ በግ ዘመዱን አይበላም።» መሳቅ አማረኝ፤ ፈራሁ። እሳቸው ሲስቁ ለቀቅሁት።

«እታፈራሁስ?» አልኩ።

«ሰኞ ትምጣ። ግን ይሄን ለሰው እንዳታወሪ።»

«እኔ አላወራም።»

«አታውሪ። የምናገረው እኔ ነኝ።»

እንዳሉትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። ሳንፈታ ያስቀረናትን ድቡልቡል ከኔ ተቀብለው ከፍ አድርገው ያዟት። «ይሄ ከበጌ ሆድ የወጣ ነው፤ ያጎረስኳትም እኔ ነኝ። ከናንተም ያላጎረሰ የለም። ጓሳን አባቶቻችን ያቆዩት በጠመንጃ ነው? ተባብለው ነው። እኛም ይሄን ሜዳ ለፌስታል እንዝጋው።» ሰው ተጉረመረመ፣ ተሳሳቀ፣ ተከራከረ፣ ተስማማ። ጨው ወደ ሜዳው የሚመጣው በቀልቀሎ ብቻ እንዲሆን ተባለ። በፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ምን ይሁን ሲባል አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ መሐል «ጨዉን የጎረቤቱ በግ ይላስበት!» አሉ። ሕጉ በዚያው ጸደቀ። መጀመሪያ የተያዙት ቄሱ ናቸው። የጎረቤታቸው መንጋ ጨዋቸውን ሲያጣጥም የራሳቸው በጎች ከዳር ሆነው እያለቀሱ አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ሕግ ስብከት ውስጥ የሚያስገቡት እሳቸው ሆኑ።

እታፈራሁ ሰኞ መጣች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጉድጓዱን ከውሃ መንገድ ርቆ፣ ከፍ ብሎ እንደገና ስንቆፍር አካፋ የያዘችው መጀመሪያ እሷ ናት፤ ቦታውን የመረጡት ደግሞ የጎርፉን መንገድ ከልጅነታቸው የሚያውቁት አባቷ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ጥናቱን ያቀረበችው እሷ ናት። አንደኛ የወጣው ግን ከካርቶን የተሠራ፣ መብራት የሚያበራ ግድብ ነበር። እኛ የምስክር ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መሐል ሜዳ ዘፈንን፤ አቶ ዘመቻም አብረውን ዘፈኑ።

ሸለቆው ንጹሕ ነው ብላችሁ እውነት አይደለም። ዛሬም ግራ ቀኙን አይቶ የሚደፋ አለ። ከበታቹ ያለችው ሜዳ ግን ለፌስታል እስከ ዛሬ ዝግ ናት።

ጡረታ ስወጣ ሽኝቱ የሰኔ ጾም እስኪፈታ ተብሎ ሐምሌ ላይ ሆነ። ባልደረቦቼ ካባ አለበሱኝ፤ ርዕሰ መምህሩ (አቶ ዘመቻ ከሄዱ ቆይተዋል) ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። አያ ወንድይፍራው በዝናብ ርሰው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የወፈረ በግ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ልጃቸው እታፈራሁ አለች። ቦት ጫማ አድርጋለች፤ አሁን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ናት።

«ለመምህርት ነው» አሉ በጉን ወደኔ እየገፉ። «ግን እንዲሁ አላስረክብም። ታርዶ ጨጓራው እዚሁ፣ በሰው ፊት ይታይልኝ።»

ርዕሰ መምህሩ «አባባ፣ ፕሮግራም ላይ እኮ ነን» አሉ።

«ይሄም ፕሮግራም ነው።»

በጉ ከወጥ ቤቱ ጣሪያ ሥር ታረደ። እታፈራሁ እጅጌዋን ሰብስባ ጨጓራውን በሳፋ አመጣችው። ሱፍ የለበሰው፣ ካባ የለበሰው ሁሉ ከቦ አጎነበሰ። በቢላዋ ጫፍ ሰነጠቀችውና ገለጠችው። ሳር ነው። ሳር፣ የገብስ ገለባ፣ ደግሞ ሳር። ሌላ ምንም የለበትም።

አያ ወንድይፍራው ከዘራቸውን ተደግፈው እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙና ወደኔ ዞሩ።

«እስቲ ጠይቂኝ» አሉ።

ወደ ሳፋው እያመለከትኩ «ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ከሜዳዬ» አሉ።